«የዛሬ ስምንት» ማለት ከቻላችሁ ኦክታቭ አይከብዳችሁም

ጅማ ክረምት ከገባ ጊታር መቃኘት ቀልድ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው የገዛ ድምፁን አይሰማም። ባለፈው ሐምሌ እንዲህ ባለ ከሰዓት፣ መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ እንደ ብፌ ዝም ብሎ በተቀመጠበት፣ የጎረቤት ልጅ ኖታ የታተመበት ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ማንበብ አስተምረኝ» አለኝ። «ማንበቡ ይደርሳል፣ መጀመሪያ መቁጠር ትችላለህ?» አልኩት። አሥረኛ ክፍል ነው፣ ከፋው።

የምሬን ነበር። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ የተንከራተትኩት በቆጠራ ነው። ሰርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ጊታሪስቱ ጠጋ ብሎ «ወደ አምስተኛው ሂድ» አለኝ። ከዶ ተነሳሁ፣ ነጭ ጥቁር ሳልል አምስት ቁልፍ ተራመድኩና ፋን ተጫንኩ። መድረስ የነበረብኝ ሶል ላይ ነው። ዘፋኙ ዞሮ ሲያየኝ ላብ በላብ ሆንኩ። ጆሮዬ ደህና ነበር፣ ቆጠራዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ስለ ቆጠራ ነው። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት፣ ሙዚቀኞች ኢንተርቫል የሚሉት፣ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ከዚያ ደግሞ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ። ብዙ ሰው የሚጀምረው የድምፆቹን ስም በመሸምደድ ነው፣ እኔ አልወደውም። ዜማን ዜማ የሚያደርገው ርቀቱ ነው፣ ስም በኋላ ይመጣል። ኪቦርድ ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁ ስልክ ላይ የሚጫን ነጻ የፒያኖ አፕ ይበቃል። ጊታር ወይም ክራር ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፣ መብራት አይጠብቅም።

ቀጭን፣ ከላይ፣ በቀኝ

እኛ ድምፅን ወፍራም ወይም ቀጭን እንላለን። ወረቀት ላይ ቀጭኑ ከላይ ይጻፋል፣ ወፍራሙ ከታች። ኪቦርድ ላይ ቀጭኑ በቀኝ በኩል ነው። ጊታር ደግሞ ባሰበት፤ ወፍራሙ ክር ከሁሉም በላይ፣ ወደ አገጫችሁ ተጠግቶ ነው ያለው፣ ስለዚህ «ወደ ላይ ውጣ» ሲባል ጀማሪው እጁን ወደ ወፍራሙ ይሰዳል። አንድ ነገር በአራት አነጋገር ነው። የሚለካው በሰከንድ ስንት ጊዜ ይርገበገባል በሚለው ነው፦ ብዙ ሲርገበገብ ቀጭን፣ ጥቂት ሲርገበገብ ወፍራም። የሙዚቃ ዓለም በብዛት የሚቃኝበት ላ በሰከንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። የመቃኛ አፕ ስትከፍቱ ጥግ ላይ 440 የሚል ቁጥር የምታዩት ለዚህ ነው።

440ን እጥፍ አድርጉት፣ 880 ይሆናል። እሱም ላ ነው፣ ቀጭኑ ላ። ግማሹ 220ም ላ ነው። መርገብገቡ እጥፍ ሲሆን ጆሯችን «ያው ነው» ይላል። መንዙማ ሲባል አዳምጡ። ጎልማሶቹና ሕፃናቱ አብረው ሲቀበሉ ዜማው አንድ ነው፣ የልጆቹ ግን ከላይ ተንሳፍፎ ይሄዳል። እጥፍ ላይ ነው ያሉት፣ ማንም ሂሳቡን ነግሯቸው አይደለም። ይህ ርቀት ኦክታቭ ይባላል። ስምንተኛ ማለት ነው።

ለምን ስምንተኛ?

የድምፆቹ ስም ሰባት ነው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ። ከሲ በኋላ ተመልሶ ዶ ይመጣል። ከስሞቹ ስድስቱ የመጡት በ11ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ጉይዶ ከሚባል ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው፣ ከአንድ የላቲን መዝሙር ስንኞች መነሻ ላይ ለቅሞ ነው ያወጣቸው። ዶ ያኔ «ኡት» ነበር፣ ሲ የተጨመረው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የኛ ብቻ የሆነ ወጥመድ አለ። ባንድ የሚጫወቱ ልጆች በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጠሩት፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። የነሱ «ሲ» ዶ ነው። የዶ ሬ ሚ «ሲ» ደግሞ የነሱ «ቢ» ነው። በአማርኛ ሁለቱም ሲ ተብለው ይጻፋሉ፣ በጆሮም አይለዩም። አንድ ሰው «በሲ ነው የምንጫወተው» ካላችሁ ሳታፍሩ የቱ ሲ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ እዚህ በዶ ሬ ሚ ብቻ ነው የምሄደው።

አሁን ወደ ስምንት። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሰው «የዛሬ ስምንት እንገናኝ» ቢላችሁ መቼ ትሄዳላችሁ? ማክሰኞ ነው እንጂ ረቡዕ አትሄዱም። የሚያልፉት ቀናት ሰባት ናቸው፣ እኛ ግን ዛሬንም ስለምንቆጥር ስምንት እንላለን። ሳምንት የሚለው ቃል ራሱ ስምንትን በሆዱ ይዟል። የሙዚቃ ቆጠራም እንዲሁ ነው፦ የተነሳችሁበት ድምፅ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ዶ አንድ፣ ሬ ሁለት፣ ሚ ሦስት፣ እያለ ሄዶ ሁለተኛው ዶ ስምንት ላይ ይወድቃል። በጣም የገረመኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ «የዛሬ አሥራ አምስት» ስንል ሁለት ሳምንት ማለታችን ነው አይደል? ኖታ ላይም አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርገህ ተጫወት ለማለት 8 ቁጥር ይጻፋል፣ ሁለት ኦክታቭ ሲሆን ደግሞ 15 ይጻፋል። 16 አይደለም። ፈረንጅ ተማሪ ይሄን ለመልመድ ይቸገራል፣ እኛ ግን ከልጅነታችን ስንቆጥረው የኖርነው ነው። ሣልስትንም እንደዚሁ ነው የምንቆጥረው።

ስለዚህ ከዶ እስከ ሚ ሦስተኛ ነው። ከዶ እስከ ሶል አምስተኛ። ከሬ እስከ ሶል? ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ አራተኛ። ይህን በባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁም በጣታችሁ ልትለማመዱት ትችላላችሁ፣ መሣሪያ አይፈልግም።

አሥራ ሁለቱ እርምጃ

ስሙ ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሦስተኛዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ኪቦርዱን ተመልከቱ፦ ጥቁሮቹ ሁለት ሁለት እና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰብስበዋል። ከሁለቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ዶ ነው፣ ከሦስቱ ጥቁሮች በስተግራ ያለው ነጭ ፋ ነው። ነጭ ጥቁር ሳትሉ ከአንዱ ቁልፍ ቀጥሎ ወዳለው ስትሄዱ ግማሽ ድምፅ ወይም ሴሚቶን ተራመዳችሁ። ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ጊታር ላይ አንድ ፍሬት (አንገቱ ላይ የተጋደመው ብረት) አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ጥቁሩ ቁልፍ ሁለት ስም አለው፤ በዶና በሬ መካከል ያለው ከዶ ሲታይ ዶ ሻርፕ፣ ከሬ ሲታይ ሬ ፍላት ይባላል። ሻርፕ ግማሽ ድምፅ ያቀጥናል፣ ፍላት ግማሽ ድምፅ ያወፍራል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ ቆጠራው ይገለበጣል። ስም ስትቆጥሩ የተነሳችሁበት ይቆጠራል ብያለሁ። እርምጃ ስትቆጥሩ ግን አይቆጠርም። እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ ተነስታችሁ መርካቶ ለመድረስ ስንት ቦታ ቆማችሁ ብትባሉ የተሳፈራችሁበትን አትጨምሩትም። እኔ ሰርጉ ላይ የሳትኩት እዚህ ነው፤ ስሙን በእርምጃ ቆጠርኩት።

በነጮቹ መካከል ያለው ርቀት በግማሽ ድምፅ እንዲህ ነው፦ 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1። ሁለቱ አንዶች ከሚ ወደ ፋ እና ከሲ ወደ ዶ ናቸው፣ በመካከላቸው ጥቁር የለም። ይህን ቁጥር ግን ሸምድዱት፣ የሚሸመደድ ነገር ካለ እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉም ይወጣል። ከዶ እስከ ሚ ሦስተኛ ነው፣ እርምጃው 4፣ ሜጀር ሦስተኛ እንለዋለን፣ ትልቁ ማለት ነው። ከሬ እስከ ፋም ሦስተኛ ነው፣ እርምጃው ግን 3 ብቻ፣ ማይነር ሦስተኛ። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ተጫወቱ፣ ልዩነቱን ጆሯችሁ ወዲያው ይነግራችኋል። ሁለተኛም ትንሹ 1 ትልቁ 2፣ ስድስተኛ ትንሹ 8 ትልቁ 9፣ ሰባተኛ ትንሹ 10 ትልቁ 11 ነው። አራተኛ 5፣ አምስተኛ 7፣ ኦክታቭ 12፤ እነዚህ ሦስቱ ፐርፌክት ይባላሉ እንጂ ሜጀር ማይነር አይባሉም። 6 የቀረ መሰላችሁ? እሱ ትራይቶን ነው፣ ቦታ አላገኘም፣ ሲሰማም እንደዚያው ነው። አንድ ደቂቃ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ጊታር ያላችሁ ክር ይዛችሁ ለኩ። 12ኛው ፍሬት የክሩ ልክ አጋማሽ ላይ ነው፣ ኦክታቭ። 7ኛው ላይ ስትጫኑ የሚርገበገበው ሁለት ሦስተኛው ክር ነው፣ አምስተኛ። 5ኛው ላይ ሦስት አራተኛው፣ አራተኛ። ለጆሮ የሚጥሙት ርቀቶች ተራ ክፍልፋዮች ናቸው፣ ለዚህ ነው ማሲንቆ ተጫዋች ምንም ፍሬት በሌለው አንድ ክር ላይ ጣቱን ሳይስት የሚያሳርፈው። የጊታር ክሮች ደግሞ የጆሮ መምህር ናቸው፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክሮች አራተኛ ይሰጣሉ፣ ሶልና ሲ የተቃኙት ሁለቱ ብቻ ሜጀር ሦስተኛ ናቸው።

ቅኝት በቁጥር

ለኛ ሰው ሙዚቃ ማስተማር የሚጀመረው ከምዕራቡ ስኬል ነው፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ጆሯችን ያደገው በአምስት ድምፅ ነው፣ የአምስቱ አደራደር ቅኝት ይባላል። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ብትጀምሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በእርምጃ 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3። ደምሩት፣ 12። አሁን ሌላ ነገር ሞክሩ፦ ጥቁር ቁልፎችን ብቻ፣ ከሦስቱ ጥቁሮች የመጀመሪያው (ፋ ሻርፕ) ተነስታችሁ ወደ ቀኝ ሂዱ። እሱም ትዝታ ነው። አንድም ነጭ አልነካችሁም፣ አንድም ስም አይመሳሰልም፣ ዜማው ግን ያው ነው። ምክንያቱም ርቀቱ አልተነካም።

ሰዓታችንን አስቡት። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ስንል ፈረንጅ 8 ይላል፣ እኛ 5 ስንል እሱ 11። ቁጥሩ አንድም ቦታ አይገጥምም፣ ግን ትምህርት ቤት የቆየው ልጅ በሁለቱም ሦስት ሰዓት ነው የቆየው። ዘፋኝ «ለኔ ቀጥኖብኛል፣ አውርዱልኝ» ሲል ባንዱ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ክራር ደርዳሪውም ክሩን ከዘፋኙ ድምፅ ጋር አስማምቶ ይቃኛል እንጂ 440 አለ የለም ብሎ አይጨነቅም።

ትዝታ ማይነር ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4። እነዚሁን አምስት ቁልፎች ሳትቀይሩ መነሻችሁንና ማረፊያችሁን ሶል አድርጉት። 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይመጣል፣ አምባሰል ማለት ይሄ ነው። ቤቱ ያው፣ የተገባበት በር ሌላ። ባቲ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ሆኖ ይሰፋል። አንቺሆዬ ደግሞ 1፣ 4፣ 1፣ 3፣ 3 ነው፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እነዚያ ቅኝቶች ሁሉ ከመነሻቸው በላይ 7 እርምጃ ላይ አምስተኛን ያገኛሉ፣ አንቺሆዬ ግን 6 ላይ ነው የሚያርፈው። ያ ቦታ ያጣው ትራይቶን ነው። አንቺሆዬ ሆድን እንደመባባት የሚያደርገው አንዱ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ጅማ በዚህ ነገር የምትኮራበት ልጅ አላት። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943። ቫይብራፎኑን ይዞ እነዚህን አምስት ድምፆች ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፅ ጋር አጋብቶ ነው ኢትዮ ጃዝን የሠራው። ችግሩን አስቡት፦ ከሥር አሥራ ሁለቱን ብትደረድሩ ቅኝቱ ይሟሟል፣ አምስቱ ብቻ ካሉ ደግሞ ጃዝ አይሆንም።

አምስቱ መስመር

አሁን ወረቀቱ። እጃችሁን ወደ ጎን ዘርጉ፣ ትንሿ ጣት ከታች። አምስት ጣት አምስት መስመር ነው፣ በጣቶቹ መካከል አራት ክፍተት። ኖታ መስመር ላይ ይቀመጣል ወይም ክፍተት ውስጥ ይገባል፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀጥናል። መነሻው ላይ ያለው ጥምዝምዝ ምልክት የሶል ቁልፍ ይባላል፣ ምክንያቱም ሆዱ ከታች ሁለተኛውን መስመር ይከበዋል፣ ያ መስመር ሶል ነው። ይህን አንድ ነገር ያዙ፣ ሌላው በቆጠራ ይመጣል። ከሥር ያለው ክፍተት ፋ፣ የመጨረሻው የታች መስመር ሚ። ወደ ላይ ላ፣ ሲ፣ ዶ። መካከለኛው ዶ ከአምስቱ በታች ስለሚውል የራሱ አጭር መስመር ይሰመርለታል፤ 61 ቁልፍ ባለው የተለመደው ኪቦርድ ላይ ከግራ ሦስተኛው ዶ እሱ ነው። ለወፍራም ድምፆች የፋ ቁልፍ አለ፣ ከታች አራተኛውን መስመር ፋ ያደርገዋል፣ ለጊዜው ተዉት።

ርቀት በዓይን ይለካል። ሁለቱም ኖታዎች መስመር ላይ ከሆኑ፣ ወይም ሁለቱም ክፍተት ውስጥ ከሆኑ፣ ርቀቱ ጎዶሎ ነው፦ ሦስተኛ፣ አምስተኛ፣ ሰባተኛ። አንዱ መስመር ላይ አንዱ ክፍተት ውስጥ ከሆነ ተጋማሽ ቁጥር ነው፦ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ ስድስተኛ፣ ኦክታቭ። ለዚህ ነው የታችኛው ሚ መስመር ላይ ተቀምጦ የላይኛው ሚ ክፍተት ውስጥ የሚገባው። ኖታ ቶሎ የሚያነቡ ሰዎች ስም እየጠሩ አይሄዱም፣ ዝላዩን ነው የሚያዩት።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ ወረቀቱ ይደብቃል። ከዶ ወደ ሬ እና ከሚ ወደ ፋ በዓይን ሲታዩ እኩል ናቸው፣ አንዱ ግን 2 እርምጃ ነው፣ ሌላው 1። ለዚያ ነው ሸምድዱ ያልኳችሁ። ከሶል ተነስታችሁ 2፣ 2፣ 1፣ 2፣ 2፣ 2፣ 1 ብትሄዱ መጨረሻው አካባቢ ፋ ትጎድልባችኋለች፣ ፋ ሻርፕ ትሆናለች። ይህን በየኖታው ላለመጻፍ መስመሩ መጀመሪያ ላይ አንዴ ሻርፕ ይደረግና ያልቃል።

የምት ርዝመት ሌላ ጉዳይ ነው፦ ባዶ ክብ አራት ምት፣ ባዶ ክብ ከነዘንጉ ሁለት፣ ጥቁር ከነዘንጉ አንድ፣ ጅራት ካበቀለ ግማሽ። ችክችካ በብዛት በ6/8 ይጻፋል፣ በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል ስድስት ባለጅራት ኖታ የሚያህል ማለት ነው። ለዛሬ ይብቃ።

ኖታ የፈረንጅ ብቻ ነው ለሚል ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ የድጓ መጽሐፍ ይይ። ከቃላቱ በላይ የተጻፉት ደቃቅ ምልክቶች ዜማ ናቸው። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ስማቸው ራሱ ድምፁ ምን እንደሚሆን ይጠቁማል። ልዩነቱ እዚህ ነው፦ አምስቱ መስመር ርቀትን ይለካል፣ የድጓው ምልክት ደግሞ ከመምህር አፍ የተማራችሁትን አካሄድ ያስታውሳችኋል። ያለ መምህር አይነበብም።

የቤት ሥራ። መስመር ያለው ደብተር ያዙ፣ አምስት መስመር በእስክሪብቶ አድምቁ፣ ሁለት ዝለሉ፣ እንደገና አምስት። የሶል ቁልፍ ሳሉ፣ አስቀያሚ ቢሆንም ግድ የለም። ትዝታ ሜጀርን ከዶ፣ ከዚያ ከሶል፣ ከዚያ ከፋ ጻፉ። ሦስቱም በነጭ ብቻ ይወጣሉ። ቀጥሎ ትዝታ ማይነርን ከዶ። ፍላት ሲነገር ከስሙ በኋላ ነው፣ ሲጻፍ ግን ከኖታው በፊት በስተግራ ነው፣ እስከሚቀጥለው ቋሚ መስመር ድረስም ይሠራል። ከጻፋችሁ በኋላ በቃላችሁ ሳይሆን ከወረቀቱ ላይ ተጫወቱት።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ይዞ መጣ። መብራት ነበር፣ ዝናቡም ጋብ ብሏል። ትዝታ ማይነሩን ተጫወተና አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ። «ኧረ ይሄ አይደለም!» ቆጠረ፣ 2፣ 1፣ 4፣ 2። ላ ላይ ፍላቷን ረስቷታል። ሊጨምራት ሲል ኖታዎቹን አጠጋግቶ ስለጻፋቸው በስተግራ ቦታ የለም። ላጲስ አለህ ወይ አለኝ፣ አልነበረኝም፣ ሱቅ ሄደ።